ከልጅ ተዋናይነት ወደ ዳይሬክተርነት መሻገር ለፈለገው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። ከስምንት ዓመትህ ጀምሮ በአንድ የቤተሰብ ድራማ ላይ «ትንሹ ልጅ» ሆነህ አደግህ፣ ድራማው አለቀ፣ አሁን ዳይሬክት ማድረግ ትፈልጋለህ። ጣቢያው ድራማውን ሊመልሰው ስለሆነ ደግሞ «ና ተመልሰህ ተውን፣ በዚያው አንድ ክፍል ዳይሬክት ታደርጋለህ» ብሎሃል። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ «ፊልም ትምህርት ቤት ግባ» ነው ያሉህ። ትምህርት ቤት አልጠላም፤ ግን አንተ የጠየቅኸው ሌላ ነው። ለእኔም ይኸው ግብዣ ቃል በቃል ቀርቦልኝ ስለነበር ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

1. ኮንቲኒዩቲ (ከአንዱ ቀረጻ ወደ ሌላው ሁሉም ነገር መገጣጠሙን) ከምትይዘዋ ልጅ አጠገብ ተቀመጥ። ዳይሬክተሩ አጠገብ አይደለም፤ እሱ ሥራ ላይ ስለሆነ አያስተምርህም። እኔና አንተ ቀረጻ ቦታ ላይ አድገን ሁሉን የምናውቅ ይመስለናል፤ የምናውቀው ግን ካሜራው ፊት ያለውን ነው። እሷ ብርጭቆው በየትኛው እጅ እንደነበር፣ ትዕይንቱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ የትኛው ንግግር ገና በቅርበት እንዳልተቀረጸ ሁሉንም ይዛለች። ከዚያ ኤዲተሩ ዘንድ ሂድ። አንድ ኤዲተር የጎደለ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የያዘው አንድ ምስል) እየፈለገ ዳይሬክተሩን ሲራገም መስማት ከማንኛውም ኮርስ ይበልጣል። ቡና ይዘህለት ግባ እንጂ አስተያየት ይዘህ አትግባ።

2. ተከታታይ ድራማ ላይ ዳይሬክተር እንግዳ ነው። ቤቱ የጸሐፊውና የፕሮዲዩሰሩ ነው። የድራማው መልክ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ዋናዋ ተዋናይትም ገጸ ባሕሪዋን ካንተ በላይ ታውቃታለች። ካንተ የሚጠበቀው የቀኑን ገጽ ጨርሰህ መውጣት ነው። ስለዚህ ጠዋት ከረዳት ዳይሬክተሩ ጋር የቀኑን ስክሪፕት በገጽ ስምንተኛ (አንዱን ገጽ ስምንት ቦታ ከፍለህ) ቆጥረህ፣ ሰዓት ሲያጥር የትኛውን ሾት እንደምትጥል ቀድመህ ወስን። እኔ የሰሚውን ፊት ጥዬ አላውቅም። የተናጋሪው ድምጽ የትም አይሄድም፤ የሚያዳምጠው ሰው ፊት ካልተቀረጸ ግን ኤዲተሩ ትዕይንቱን የሚያሳጥርበት ቦታ ያጣል። ስቱዲዮ ውስጥ በብዙ ካሜራ የሚቀረጽ ኮሜዲ ከተሰጠህ ሳትግደረደር ተቀበል፤ ልምምድ ስላለው ተዋናይ ለነበረ ሰው ለመጀመሪያ ይቀላል። አሜሪካዊው ተዋናይ ጄሰን ቤትማን በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ራሱ የሚተውንበትን ኮሜዲ ዳይሬክት ሲያደርግ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በዳይሬክተርነት ኤሚን (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ነው) የወሰደው ግን በ2019 ነው። በመካከሉ ሠላሳ ዓመት ገደማ አለ፤ ለሚያጣድፉህ ዘመዶችህ ይህን ንገራቸው።

3. አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ውሉ። «ተውንልን፣ እናሠራሃለን» የሚለው ልውውጥ በራሱ ክፉ አይደለም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ሮን ሃዋርድ ከ1960 ጀምሮ በቴሌቪዥን ያደገ ልጅ ነው። ለፕሮዲዩሰሩ ለሮጀር ኮርማን በ1976 አንድ ፊልም ላይ ተወነለት፣ በምላሹ በ1977 የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን ዳይሬክት አደረገ። ልውውጡ የሚሠራው ግን ሰጪው ቃሉን ሲጠብቅ ነው። ያ ደግሞ ሁሌ አይገኝም።

የእኔን ጣቢያ ስም አልጠራም። የፕሮግራም ኃላፊው ቢሮ የቀጠሮ ሰዓቴ አልፎ ኮሪደር ላይ አስቀመጡኝ፤ የሚያልፈው ሁሉ በልጅነት ገጸ ባሕሪዬ ስም እየጠራ ፎቶ ተነሳ። ኃላፊው ራሱ እንኳ በዚያው ስም ነው የጠራኝ። እኔ ስለ ሾት ሊስት (ስለሚቀረጹት ሾቶች ዝርዝር) ሳወራ እሱ «አይ፣ ያቺ ጥርሷ የወለቀ ጊዜ!» እያለ ለጸሐፊዋ ይተርክላታል። ውሉ ላይ የዳይሬክተርነቱ ነገር «ዕድሉ ሊታሰብላት ይችላል» ተብሎ ነበር የተጻፈው። ይስተካከል ስል ሳቀና «የቤት ልጅ አይደለሽ እንዴ? ከቤት ልጅ ጋር ወረቀት ምን ያደርጋል?» አለኝ። ወንድሜ፣ «የቤት ልጅ» የተባልክበት ቢሮ ውስጥ ቦርሳህን አጥብቀህ ያዝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ወላጆቻችን ቴሌቪዥን ጣቢያ ገብተው የወጡ ነው የሚመስለኝ።

ከዚያማ ማስታወቂያው ወጣ። «ከካሜራው ፊትም ኋላም ተመልሳ መጣች!» የሚል ትልቅ ፖስተር ላይ ፊቴ ተለጠፈ። ለቃለ መጠይቅ ወደ ላኩኝ ቦታ ሁሉ ሄድኩ፤ ሰዉ ስለምሠራው ክፍል ይጠይቀኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ለዚያ ክፍል ሾት ሊስት ሠርቼ፣ የቤቱን ሳሎን ወለል በቴፕ ለክቼ፣ ብሎኪንጉን (ተዋናዮቹ የሚቆሙበትንና የሚንቀሳቀሱበትን) ብቻዬን እየተራመድኩ ጨርሼ ነበር። የቀረጻው መርሐ ግብር ሲመጣ ከክፍሉ አናት ላይ የሌላ ሰው ስም አለ። ማንም አልነገረኝም፤ ወረቀቱ ላይ ነው ያየሁት። ኃላፊውን ስጠይቀው «በዚህ ምዕራፍ አደጋ መውሰድ አንችልም፣ በሚቀጥለው» አለኝ። ይሄም ይሁን። ሲቀጥል ግን «ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሃምሳ ሰው ቆሞ አንቺን ሕፃኗን ያዳምጣል?» አለ። ያን ጊዜ ምን ያህል ትልቅ ሰው እንደነበርኩ አንተው ገምት።

ይህ ያናድዳል እንጂ አይገድልም። የገደለኝ ሌላ አንቀጽ ነው። ውሉ እስኪያልቅ ለሌላ ድራማ «በማንኛውም ሙያ» እንዳልሠራ ይከለክለኝ ነበር። በዚያው ምዕራፍ መሃል ሌላ ፕሮዲዩሰር ሁለተኛ ረዳት ዳይሬክተር አድርጎ ሊወስደኝ ጠራኝ፤ ከትወናው ያነሰ ክፍያ፣ ግን እውነተኛ ሥራ። መሄድ አልቻልኩም። ቦታውን የያዘው ልጅ ዛሬ እኔ ለማግኘት የምጨነቅባቸውን ድራማዎች ይሠራል። ጎበዝ ነው፣ አይቆጨኝም ብል ግን ውሸት ነው።

ስለዚህ ያንተ ውል ላይ እነዚህ ይግቡ፦ የምትሠራው ክፍል በቁጥር፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩም የዳይሬክተርነቱ ክፍያ እንደሚከፈልህ፤ ክፍያው ከትወናው ተለይቶ መጻፉ፤ የመጀመሪያውን ኤዲት ካንተ ውጪ እንደማይዘጉት። ክልከላው ደግሞ በትወና ብቻ ይወሰን። ይህን የመጨረሻውን፣ የክልከላውን፣ ከተቃወሙ ሌላውን ሁሉ ትተህ እሱ ላይ ተከራከር። «ለዚህ ያህል?» ካሉህ፣ አዎ፣ ለዚህ ያህል።

እኔ እንዴት ወጣሁ? ውሉ እስኪያልቅ ጠበቅኩና ሌላ ቦታ አጃቢ ተዋናዮችን ከሚያሰልፉት ጋር ጀመርኩ። አንዳንዱ «ይቺ ያቺ አይደለችም እንዴ፣ ምነው ወደቀች» ሲል እሰማ ነበር። ይበሉ። ቀስ በቀስ ማንም የማይፈልገውን ክፍል በጽሑፍ ተቀበልኩ፤ በጀት ለመቆጠብ ሙሉ ታሪኩ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ የሚያልቅ፣ አራት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ። ተዋናይነቴ የጠቀመኝ እዚያ ነው፤ አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቼ እንደሚነሳና መቼ እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ተዋናይ የነበረ ሰው ነው። ከተያዘልን ሰዓት በፊት ጨርሰን ቡድኑ በጊዜ ቤቱ ገባ። በዚህ ሙያ ቡድኑን በጊዜ ወደ ቤቱ የላከ ዳይሬክተር ሁለተኛ ይጠራል፤ ተጠራሁም፣ እስካሁንም እየተጠራሁ ነው። ያ ኃላፊ በቅርቡ ደውሎ ነበር፣ በትክክለኛ ስሜ ጠራኝ። ሥራ በዝቶብኛል አልኩት። አልበዛብኝም ነበር።

4. ይህን ልረሳው ነበር፦ ሕፃን ያለበትን ትዕይንት ሁሉ ላንተ ይወረውሩልሃል፣ ተዘጋጅ። አሜሪካዊው ጃኪ ኩፐር በ9 ዓመቱ በ1931 ፊልም ለኦስካር የታጨ ልጅ ነበር። እዚያ ፊልም ላይ እንዲያለቅስ ዳይሬክተሩ፣ የገዛ አክስቱ ባል፣ ውሻህን እንተኩሰዋለን ብሎ አስፈራርቶታል። አድጎ የቴሌቪዥን ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1974 እና በ1979 ኤሚ ወሰደ። እኔንም አንድ ቀን «እናትሽ ጥላሽ ሄዳለች» ብለው አስለቅሰውኛል፤ ያ ትዕይንት ዛሬም ሲደነቅ ጥርሴን ነው የምነክሰው። አንተ እንዲህ አታድርግ። የልጁን ክሎዝ አፕ (የፊቱን የቅርብ ቀረጻ) ሳይደክም መጀመሪያ ቅረጽ፣ የአዋቂዎቹን ወደ ኋላ አድርገው፤ እንባ ካልመጣ ከጀርባው ቅረጸውና የእናቱን ፊት ያዝ። ማንም አይጎድልበትም።

ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ጊዜና ገንዘብ ካለህ ግባ፣ ከሌለህ ኤዲቲንግ ብቻ ተማር።

ውሉ ሲደርስህ የክፍያውን ገጽ ተወውና የዳይሬክተርነቱንና የክልከላውን አንቀጽ ስም ደብቀህ በውስጥ መስመር ላክልኝ። ማታ ማታ ነው የማየው፣ እስክመልስልህ አትፈርም።