ፍራንክፈርት መጥተህ ቢራ ብቻ ጠጥተህ አትመለስ

ወንድሜ፣ «ለሥራ ፍራንክፈርት 4 ቀን እቆያለሁ፤ ከቢራ ሌላ የከተማው የራሱ መጠጥ አለ ወይ? የትስ ልጠጣ?» ብለህ ጠይቀሃል። አለ። እኔ እዚህ ስኖር ዓመታት አልፈውኛል፤ እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው ወደዚያው ነው።

ስሙ አፕፈልቫይን ነው። የአገሬው ሰው ኤብልቮይ ይለዋል። ከፖም ጭማቂ የሚጠመቅ ነው፤ ግን ጣፋጭ እንዳይመስልህ። ስኳሩ ሲብላላ ስለሚያልቅ ይጎመዝዛል። ጥንካሬው ከ5 እስከ 6 በመቶ ገደማ ነው። ጠጅ ለለመደ ምላስ መጀመሪያ ይከብዳል፤ እኔም አልወደድኩትም ነበር። የገባኝ ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ፣ ከምግብ ጋር ስጠጣው ነው። ስለዚህ በአንድ ጉንጭ አትፍረድበት።

ከማይን ወንዝ ማዶ ዛክሰንሃውዘን ወደሚባለው ሰፈር ተሻገር። በባቡር ከሆነ ሽቫይትሰር ፕላትስ ውረድ። እዚያው መንገድ ላይ «ጹም ገማልተን ሃውስ» እና «ቫግነር» የሚባሉ የቆዩ ቤቶች አሉ። በዚያው ሰፈር ማታ ማታ ጭፈራ የሚደምቅባቸው ጠባብ መንገዶችም አሉ፤ እነሱን እለፋቸው፣ ለዚህ መጠጥ አይሆኑም። እኛ አገር ጠላ ቤት በእንጨት ላይ በተሰቀለ ጣሳ እንደሚታወቀው፣ የነሱም ቤት በር ላይ የጥድ ቅጠል አክሊል ይሰቀላል። ይህን ያየሁ ቀን አገሬ የገባሁ ነው የመሰለኝ።

ጠረጴዛው ረጅም ነው፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ትቀመጣለህ። «ኢስት ሂር ኖህ ፍራይ?» (ቦታ አለ?) ብለህ ጠይቅና ተቀመጥ። መጠጡ የሚቀዳው ቤምበል ከሚባል ግራጫ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ሰማያዊ ጌጥ አለው። ብርጭቆው ገሪፕተስ ይባላል። ላዩ ሁሉ መስመር መስመር ነው፤ ቅባት የነካው እጅ እንዳያዳልጠው ይጠቅማል። ለብቻህ ከሆንክ በብርጭቆ እዘዝ። ከጎመዘዘህ «ዛወርገሽፕሪትስት» በል፣ በአምቦ ውሃ ዓይነት ቀላቅለው ይሰጡሃል። በለስላሳ የሚቀላቀልም አለ፤ የድሮ ሰዎች ግን አይወዱትም፣ እኔም ጣዕሙን ያጠፋዋል ባይ ነኝ።

ምግቡ ላይ ተጠንቀቅ፤ አብዛኛው አሳማ ነው። የማትበላ ከሆነ «ግሪነ ዞሰ» እዘዝ፤ በ7 ዓይነት ቅጠል የሚሠራ ቀዝቃዛ ስጎ ነው፣ ከእንቁላልና ከድንች ጋር ይቀርባል። የበሬ ቅቅል ያለበትም አለ። «ሃንድኬዝ» ደግሞ በሽንኩርትና በሆምጣጤ የሚቀርብ አይብ ነው፤ ሽታው ይከብዳል፣ ከኤብልቮይ ጋር ግን የሚገጥመው የለም። የተጠበሰ ድንች ካማረህ በአሳማ ስብ ተጠብሶ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። ጾም ላይ ከሆንክ እንቁላልም አይብም ስላለበት እቤት በልተህ ሂድ። ጥሬ ገንዘብም ያዝ።

ቢራውን በየትም ታገኘዋለህ፣ አልዘረዝረውም።

የምትመጣው በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ከሆነ ዕድለኛ ነህ። አዲስ የተጨመቀው «ዙሰር» ይባላል፣ እንደ ብርዝ ነው፤ የማይጠጣ ጓደኛህም ይጠጣዋል። ትንሽ ቀን ቆይቶ ገና እየፈላ ያለው ደግሞ «ራውሸር» ነው፤ የኛን ጉሽ አስብ። እኔ ከሁሉም እሱን እወዳለሁ። ግን ሆድ ያንቀሳቅሳልና በማግስቱ ስብሰባ ካለህ ከአንድ ብርጭቆ አትለፍ።