ታጋቹ ባላባት፦ ስለ አንጌራን ደ ኩሲ ለጠየቃችሁኝ

አንጌራን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ፈረንሳዊ ባላባት ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ታጋች ሆኖ ነበር። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ምን አጥፍቶ ተያዘ?

ምንም አላጠፋም። በ1356 ፑዋትዬ በተባለው ጦርነት ላይ የፈረንሳዩ ንጉሥ ዣን 2ኛ በእንግሊዞች ተማረከ፤ ማስለቀቂያው 3 ሚሊዮን ኤኩ (የፈረንሳይ የወርቅ ሳንቲም) ተባለ። ይሄ ሁሉ በአንዴ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ገንዘቡ እስኪከፈል የንጉሡ ልጆችና ትላልቅ መኳንንት እንግሊዝ ሄደው መያዣ እንዲሆኑ በ1360 ተስማሙ። አንጌራን 7ኛ ያኔ 20 ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው።

ጥያቄ፦ ወላጆቹስ?

ሁለቱም ሞተዋል። አባቱ በ1346፣ እናቱ ካትሪን በ1349 ጥቁር ሞት በተባለው ወረርሽኝ። እሷ የኦስትሪያው መስፍን የሊዮፖልድ 1ኛ ልጅ ነች። አንጌራን በ1375 «የእናቴን ርስት» ብሎ ቅጥረኛ ሰብስቦ ስዊዘርላንድ ድረስ ዘምቷል፤ አልቀናውም።

ጥያቄ፦ ወህኒ ነው የከረመው?

ኧረ የምን ወህኒ! ቤተ መንግሥት ነበር፤ ዘፈንና ጭፈራ እንደሚያውቅበት የዘመኑ ጸሐፊ ሳይቀር መዝግቦለታል። ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ በ1365 ትልቋን ሴት ልጁን ኢዛቤላን ዳረለት። እሷ 33 ዓመቷ ነው፣ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ያለ ክፍያ ተለቀቀ፣ በዓመቱ ደግሞ የቤድፎርድ ኧርል (የእንግሊዝ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ተባለ። ታጋቹ የአጋቹ አማች ሆነ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለማን ታመነ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የፈረንሳይና የእንግሊዝ ጦርነት በ1369 ሲያገረሽ ከሁለቱም ገሸሽ ብሎ ኢጣሊያ ሄዶ ተዋጋ። ኤድዋርድ በ1377 ሲሞት ግን ጋርተር የተባለውን የእንግሊዝ ባላባቶች ኒሻንና ሹመቱን መልሶ ለፈረንሳይ አደረ። ብልህ ነው እላለሁ፤ አማቱ በሕይወት እያለ ሰይፍ አላነሳበትም። ዕዳው ግን ለቤተሰቡ ተረፈ፤ ልጁ ማሪ ፈረንሳይ ቀረች፣ ፊሊፓ እንግሊዝ። ፊሊፓን ያገባት የኦክስፎርዱ ኧርል ሮበርት ደ ቪር ደግሞ ለሌላ ሴት ሲል ፈታት።

ጥያቄ፦ የኩሲ ቤተሰብ ግንብ ዛሬ አለ?

ፍርስራሹ። ትልቁን ማማ በ1917 ጀርመኖች በፈንጂ አፈረሱት።

ጥያቄ፦ ቱርክ ነው የሞተው?

አዎ። በ1396 ከመስቀል ጦረኞች ጋር ዘምቶ ኒኮፖሊስ ላይ፣ ዛሬ ቡልጋሪያ በሚባለው፣ የሱልጣን ባየዚድ ጦር ማረከው፤ በ1397 መጀመሪያ ቡርሳ ውስጥ አረፈ። የአሁኑ ምርኮ ሠርግ የለውም።

ጥያቄ፦ ዘሩ አልጠፋም?

ከጋብቻው ወንድ ልጅ ስላላገኘ ነው እንዲህ የሚባለው። የማሪ ልጅ ሮቤር በ1415 ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው የአዠንኩር ጦርነት ላይ ሞተ፣ የሮቤር ልጅ ዣን ግን የሉክሰምቡርጉን ሉዊ አገባች። ከዚያ በዘር ሐረጉ ውረዱ፤ የፈረንሳዩን ንጉሥ አንሪ 4ኛንም፣ የስኮትላንዷን ንግሥት ሜሪንም ታገኛላችሁ።