ትራክተሩ ሲፈላ ወደ ቴስታታው አትሩጡ

ሰላም ልጆች። ይህን የምጽፈው በተለይ አርሲና ባሌ አካባቢ፣ ስንዴ በሚዘራበት አገር ጋራዥ ለገባችሁ ወጣት መካኒኮች ነው። ጡረታ ወጣሁ ብዬ አረፍኩ እንዳልል ስልኬ አያስተኛኝም። የሚደወልልኝም በአብዛኛው በአንድ ጉዳይ ነው። "ጋሼ፣ ማሲው እየፈላ አስቸገረን፤ ቴስታታውን ፈታን፣ ጓርኒሲዮን ቀየርን፣ አሁንም ይፈላል።" ማሲ የሚሉት ማሲ ፈርጉሰን ትራክተርን ነው፤ ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መሀል የሚገባው ማሸጊያ።

"ሲፈላ ምን እየሠራ ነበር?" እላቸዋለሁ። ዝም። አልጠየቁማ።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት ሾፌሩን አነጋግሩት። ባለቤቱን አላልኩም፣ ሾፌሩን። ባለቤቱ የሚያውቀው ያወጣውን ብር ነው። ሾፌሩ ደግሞ ጥፋቱ በእሱ እንዳይሳበብ ስለሚፈራ መጀመሪያ ላይ ይሸፍናል፤ ስለዚህ እንደ መርማሪ አታፋጡት፣ ሻይ ጋብዙትና ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። ተነሥቶ ስንት ደቂቃ ቆይቶ ፈላ? እያረሰ ነው ወይስ ተጎታች እየሳበ? ውሃ በየስንት ቀኑ ይጨምራል?

መልሱ ግማሹን ሥራ ይጨርስላችኋል። ሞተሩ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ፣ ያለ ጭነት ከፈላ ውሃው አልዞረም ማለት ነው፤ ቴርሞስታቱ (ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቫልቭ) ተዘግቶ ቀርቷል፣ ቺንጋው (ፓምፑን የሚያዞረው ቀበቶ) እየተንሸራተተ ነው፣ የውሃ ፓምፑ ሞቷል፣ ውሃ ጎድሏል፣ ወይም እውነትም ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል። ተጎታች ሲስብ ሰላም ሆኖ፣ ማረሻው መሬት ነክሶ አንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ የሚፈላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ውሃው ይዞራል፣ ሙቀቱ ግን መውጫ አጥቷል። ያኔ ወደ ራዲያተሩና ወደ አየሩ ሂዱ። አንዳንዴም በሽታው ሾፌሩ ጋ ነው፤ በከባድ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ዙር፣ ጥቁር ጭስ እያስተፋ ቀኑን ሙሉ ካረሰ የትኛውም ሞተር ይፈላል።

ማሲ ፈርጉሰን 135ን እንውሰድ። ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍታ ሞተር ያለው፣ ከብዙዎቻችሁ በዕድሜ የሚበልጥ ትራክተር ነው፤ ግን ዛሬም ያርሳል። ባትሪው የት እንዳለ ልብ ብላችኋል? ከፊት፣ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት። ኢተያ አካባቢ አንድ ትራክተር ሁለት ጊዜ ቴስታታው ወርዶ፣ ሁለት ጊዜ ጓርኒሲዮን ተቀይሮለት አሁንም እየፈላ ጠሩኝ። ከፊት ሲያዩት ራዲያተሩ ንጹሕ ነው፣ መካኒኮቹም ያዩት እሱን ነው። ባትሪውን አስነሣሁና እጄን ከኋላው አስገባሁ። የስንዴ እብቅ ከዘይትና ከአቧራ ጋር ተለውሶ፣ ደርቆ፣ የራዲያተሩን የታችኛውን ግማሽ እንደ ጭቃ ግድግዳ ለስኖታል። በጥፍር አይነሣም። በእንጨት እየፋቅን፣ በሳሙና ውሃ እያራስን፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በአየር እየነፋን አወጣነው። (ከፊት ወደ ኋላ አትንፉ፤ ቆሻሻውን መልሳችሁ እዚያው ትጠቀጥቁታላችሁ። ግፊቱንም ቀንሱ፣ የራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች ይተኛሉ።) ማታ ላይ ያው ትራክተር ማረሻ ይዞ ገባ፣ የሙቀት መርፌዋም ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። የሁለቱ ጓርኒሲዮኖች ብር ግን የገበሬው ነበር።

ውጭው ንጹሕ ከሆነ ውስጡን ጠርጥሩ። የጉድጓድ ውሃ እየተሞላ የኖረ ራዲያተር ውስጡ በኖራ ይደፈናል፤ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚቀረው ነጭ ነገር ማለቴ ነው። ሞተሩን ካሞቃችሁ በኋላ አጥፉትና የራዲያተሩን ፊት በጥንቃቄ በእጃችሁ ዳስሱት። መሀሉ ላይ ቀዝቃዛ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ውሃ አያልፍም። የታችኛውን የጎማ ቱቦም አትርሱ። ያረጀና የለሰለሰ ከሆነ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር) ላይ ደህና ይመስላል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ፓምፑ ሲስበው ይጨማደድና መንገዱ ይዘጋል። ይህን ቆማችሁ ካላያችሁት በምንም አታገኙትም።

አሁን ስለ ደጋው ልንገራችሁ፣ ከተማ የተማሩ ልጆች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። አሰላ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ለእኛ ጌጥ አይደለም። ግፊት የሚይዘው እሱ ነው፤ 7 ፓውንድ የሚል ክዳን (ቁጥሩ የሚይዘው ግፊት ነው) ጎማው ደህና ከሆነ መፍያውን ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ ቦታው ላይ ጨርቅ ከተወተፈ (አይቻለሁ፣ ፕላስቲክ ከረጢትም አይቻለሁ) ምንም ያልሆነ ሞተር ውሃ ይተፋል። ክዳን ስትገዙ ቁጥሩን አንብባችሁ ግዙ፣ ለአሮጌ ራዲያተር ከሚገባው በላይ ግፊት ያለው ክዳን አድርጋችሁም ብየዳውን አታስለቅቁት።

ቴርሞስታትም እንዲሁ። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት 82 ላይ መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም፤ ለዚያ ከ10 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። አሰላ ላይ ድስት ውስጥ ቀቅላችሁ "ግማሽ ነው የተከፈተው፣ ተበላሽቷል" ብላችሁ የምትጥሉት ብዙ ጊዜ ጤነኛው ነው። በቴርሞሜትር እያያችሁ መቼ መከፈት እንደጀመረ ብቻ መዝግቡ። አውጥቶ መጣል የሚባለውን ልማድም ተዉት። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል፣ ናፍታ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል፤ አንዳንዱ ሞተር ላይማ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ በአቋራጭ ስለሚመለስ ጭራሽ ይብሳል።

የፈላ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ግን የሚቃጠለውም የሚያውቀው ሰው ነው። ሞተሩ እንደጋለም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱበት፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

የሙቀት ጌጁንም ቶሎ አትመኑ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው መርፌ ነው። በርቀት የሚለካ ትንሽ ቴርሞሜትር ገበያ ላይ አለ፤ የቴርሞስታቱን ቤት አንዴ፣ የራዲያተሩን ታች አንዴ ለኩ። ከላይና ከታች ልዩነት ከሌለ ራዲያተሩ አልቀዘቀዘም፣ ልዩነቱ ከልክ በላይ ከሆነ ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ደህና ከሆነ፣ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ክፈቱና አስነሡት። ውሃው ገና ሳይሞቅ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ፣ ያኔ ቴስታታውን ፍቱት፣ ማንም አይወቅሳችሁም። ግን ጓርኒሲዮን ቀይራችሁ ብቻ አትግጠሙ። ቀጥ ያለ ብረት አግድም አድርጋችሁ ፊቱ አለመጣመሙን አረጋግጡ፣ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ላኩት። ቡሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው)፣ ከመሀል ወደ ዳር፣ በዙር በዙር አጥብቁ። የድሮ ዓይነት ጓርኒሲዮን ከሆነ ደግሞ ትራክተሩ ጥቂት ሠርቶ ሲመለስ እንደገና ማጥበቅ ይፈልጋል፤ ለገበሬው ቀኑን ቆርጣችሁ ንገሩት፣ አለዚያ አይመጣም።