ከፈጣኖቹ ጋር ልሥራ ወይስ ብቻዬን? ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን ሳነበው የድሮው እኔ ነው የመጣብኝ። ማራቶን 3 ሰዓት ከ44 ገብተሻል፣ አሁን ሐዋሳ ላይ 3 ከ30 ፈልገሻል፣ ደብረ ብርሃን ካሉት የክለብ ልጆች ጋር ልቀላቀል ወይስ ጥለውኝ ይሄዳሉ ነው ያልሽው አይደል? ተቀላቀይ። ይጥሉሻል ደግሞ፣ እሱ አይቀርም። ነገሩ ያለው በየትኛው ቀን ትሄጃለሽ የሚለው ላይ ነው።

የኔን ልንገርሽ። አስተማሪ ነኝ፣ ክለብ ገብቼ አላውቅም፣ ያኔ 3 ከ21 ነበርኩና ከ3 ሰዓት በታች ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ተነሳሁ። ከጠባሴ ወደ ጫጫ በሚወስደው መንገድ ጠዋት ጠዋት የሚሠሩ ልጆች ነበሩ፣ ማክሰኞ ስፒድ (የፍጥነት ልምምድ) አላቸው ሲባል ሰምቼ ማክሰኞ ሄድኩ። አንድ አንድ ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከምናምን እየደጋገሙ ነው፣ ሁለተኛው ላይ ደረቴ ተቃጠለ፣ አራተኛው ላይ እነሱ ጨርሰው እያረፉ እኔ ገና እየመጣሁ ነበር። የሚገርምሽ ግን ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነው፣ ከነማን ጋር እንደሮጥኩ ለሚስቴ ሳወራ ዋልኩ። ሁለት ወር በየማክሰኞው እንደዛ ሆንኩና ባቴ ተያዘ፣ አምስት ሳምንት መሮጥ ቀርቶ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ማንንም አልወቅስም፣ ና ያለኝ ሰው የለም።

ድኜ ስመለስ ከመሃላቸው አንዱ "ቲቸር፣ አንተ እኮ የምትመጣው በከባድ ቀናችን ነው፣ ለምን በኢዚ ቀን አትመጣም?" አለኝ። ኢዚ የሚሉት ቀለል ያለውን ሩጫ ነው። የሰደበኝ ነበር የመሰለኝ። ሄድኩ። እነዚህ ማራቶን በ2 ሰዓት ከምናምን የሚሮጡ ልጆች ኢዚ ሲሉ እውነትም ኢዚ ነው፣ ሳሩ ላይ ተሰልፈው እየተጠማዘዙ ኪሎ ሜትሩን በ5 ከ30፣ አንዳንዴም በ6 ደቂቃ ነው የሚሄዱት። እኔ ብቻዬን ኢዚ ብዬ ስወጣ ከነሱ እፈጥን ነበር እኮ! ለካ ቀላሉን ቀን አክብጄው ከባዱ ቀን ላይ ባዶዬን ነበር የምደርሰው። ስለዚህ አንቺም በዚህ ጀምሪ። ሰልፉ ላይ መጨረሻ ሁኚና ከፊትሽ ያለውን ሰው እግር ተከተይ፣ እግር ለእግር ሲገጥም ሳታስቢው ትከሻሽ ይወርዳል፣ እርምጃሽ ይስተካከላል፣ ማንም ቁጭ ብሎ አያስተምርሽም ግን ይጋባብሻል።

ረጅሙን ሩጫ ደግሞ እንዲህ ነበር የማደርገው። እነሱ ከመነሳታቸው ሩብ ሰዓት ቀድሜ እነሳለሁ፣ እኔ ኪሎ ሜትሩን በ4 ከ40፣ እነሱ በ4 ደቂቃ፣ እና 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከኋላ ኮቴያቸው ይሰማኛል። ሲደርሱብኝ ጅራታቸው ላይ ተለጥፌ ሁለት ኪሎ ሜትር እሄድና እለቃቸዋለሁ። መልቀቁን የተማርኩት ግን ብዙ ቆይቼ ነው፣ እልህ ይይዝሻል። ቀነኒሳ በርሊን 2019 ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ከብርሃኑ ለገሰ ወደኋላ ቀርቶ አልነበር? አልተንጠለጠለም፣ በራሱ አካሄድ ሄዶ መልሶ ደረሰበት፣ አለፈውም፣ 2:01:41 ገባ፣ ያኔ ከነበረው የዓለም ሪከርድ 2 ሰከንድ ብቻ ነው የቀረው።

ላንቺ ግን 4 ደቂቃ የሚሮጥ ልጅ ጅራት አይሆንሽም። ሂሳቡን ሥሪው፣ አሁን ያለሽበት በኪሎ ሜትር 5 ከ18 ነው፣ የምትፈልጊው 4 ከ58፣ ልዩነቱ 20 ሰከንድ ነው። ለከባዱ ቀን ማራቶን 3 ከ15 አካባቢ የሚገባ አንድ ሰው ፈልጊ፣ ሴት ብትሆን ወንድ ብትሆን ግድ የለም፣ በሳምንት አንድ ቀን ከሱ ጋር ሥሪ፣ ስድስት ድግግሞሽ ካለው አራቱን ሠርተሽ ሁለቱን ቁመሽ እይ። ሰዓትሽ እዚህ ዝግ ቢልብሽም አትደንግጪ፣ እኛ 2,800 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነን፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ ነው፣ እዛ አየሩ ራሱ ያግዝሻል። እኔ በዚህ ዓይነት ዘጠኝ ወር ሠርቼ 2 ከ58 ገባሁ።

ሌላ፣ ከመሄድሽ በፊት አሰልጣኛቸውን ወይ መሪያቸውን አስፈቅጂ፣ ዝም ብለሽ መሃል አትግቢ። ፊት ወጥተሽም ፔስ (የሩጫውን ፍጥነት) አትቀይሪባቸው፣ እሱን በጣም ነው የሚጠሉት። ህዳርና ታህሳስ ላይ ከሆነ ውርጩን ታውቂዋለሽ፣ ጓንት ያዢ፣ ሲጨርሱ የሚጠጡትን በሶ ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ቶሎ ይወዱሻል። ስልክሽን ብቻ ኪስሽ ውስጥ ተዪው፣ እኔ አንዴ ቪዲዮ ልቀርጽ ብዬ ከኋላዬ ያሉትን ሦስት ልጆች አደናቅፌ ጥያቸው ሳምንቱን ሙሉ "ካሜራማን" ሲሉኝ ከረሙ።