ሰም ሲግል ድምፅ የለውም

ወንድማችን ያነሳው ጥያቄ ይህ ነው። የብስክሌቱን ሰንሰለት በዘይት መቀባት ሰልችቶታል። ፓራፊን፣ ሻማ የሚሠራበትን ሰም፣ አግኝቷል። ምድጃ ላይ አቅልጦ፣ ተመልሶ እንዳይረጋ ቤንዚን ሊቀላቅልበትና በትንሽ ጠርሙስ ይዞ እንደ ዘይት ጠብ ጠብ ሊያደርገው አስቧል። «ቤት ውስጥ ብሠራው አደጋ አለው ወይ?» ይላል።

አለው። ወንድሜ፣ ሌላውን ከማንበብህ በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ፦ የጋለ ሰምና ቤንዚን አንድ ክፍል ውስጥ እንኳ አይገናኙ። የቀረው ሐሳብህ ግን ጥሩ ነው። እኔ ሰንሰለቴን ሰም ውስጥ መንከር ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አልፎኛል፤ ወደ ዘይት መመለስ አልፈልግም። ዘይት የተቀባ ሰንሰለት አቧራ ይሰበስባል። አቧራውና ዘይቱ ይላቆጡና ብረቱን እንደ ሞረድ ይበሉታል። ሰም ግን ከረጋ በኋላ ደረቅ ነው። አሸዋ ብዙም አይጣበቅበትም፣ ሱሪም እጅም አያጠቁርም።

የመጀመሪያ ቀን የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። ፓራፊኑን በብረት ድስት አድርጌ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ በቀጥታ ጣድኩት። ቀለጠ። ጥርት ያለ ውሃ መሰለ። አይፈላም፣ አይንተከተክም፣ ጸጥ ብሎ ተቀምጧል። ገና ነው ብዬ ሰንሰለቱን ልፈታ ወጣሁ። ስመለስ ከድስቱ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ክፍሉ አሁን እፍ ብለው ያጠፉት ሻማ ይሸታል። እሳት አልነበረም፤ ግን ሩቅም አልነበረም። ሶኬቱን ነቀልኩ። ክዳኑን ከጎን አንሸራትቼ ከደንኩት። ድስቱን ሳላንቀሳቅስ እንዳለ ትቼው ወጣሁ። ያን ቀን እጄ ሲንቀጠቀጥ አመሸ።

ያኔ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ውሃ ሲግል ይናገራል። 100 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ ከዚያም በላይ አይግልም። ሰም እንዲህ ያለ ምልክት አይሰጥህም። ፓራፊን እንደ ዓይነቱ ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ ይቀልጣል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ በዝምታ ይጨምራል። 200 ዲግሪን ተሻግሮ ሲሄድ ትነቱ ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል። ከዚያም ካለፈ ብልጭታም ሳይፈልግ በራሱ ሊነድ ይችላል። መጨስ ከጀመረ ሙቀቱ በጣም አልፏል ማለት ነው። ለሰንሰለት የሚያስፈልግህ ግን ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሰሙን ምድጃው አያሙቀው፤ ውሃ ያሙቀው። ሰፊ ድስት ውስጥ ውሃ ታደርጋለህ። ሰሙን የያዘውን ትንሽ ዕቃ ውሃው ውስጥ ታስቀምጣለህ። ትንሹ ዕቃ የድስቱን ወለል እንዳይነካ ከሥሩ የብረት ማስቀመጫ አድርግለት። ውሃው ከፍላቱ በላይ ስለማይግል ሰሙም ከ100 አያልፍም። ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ውሃው ከ100 በታች ነው የሚፈላለት፤ ለዚህ ሥራ ግን ከበቂ በላይ ነው። ፍላቱን ለስለስ አድርገው፤ ተንተክትኮ ውሃ ሰሙ ውስጥ እንዳይፈናጠር። ውሃው እያለቀ መሆኑንም ተከታተል። እሱ ከደረቀ ሰሙ እንደ እኔ ድስት በቀጥታ ምድጃው ላይ ሆነ ማለት ነው።

ምድጃው ኤሌክትሪክ ይሁን። ጋዝና ከሰል ተዋቸው፤ ጠብ ያለች ሰም ነበልባል ላይ ካረፈች ጨዋታው ይለወጣል። በዝግታ የሚያበስሉ የኤሌክትሪክ ድስቶችም ጥሩ ናቸው፤ ግን ዝቅተኛው ላይ አድርገህ በቴርሞሜትር አረጋግጥ። የምትጠቀምበት ዕቃ ደግሞ ተመልሶ ወደ ወጥ ቤት አይገባም። እንደ እኔ «አንዴ ሰንሰለቱን ልፍታ» ብለህም እንዳትወጣ። ምድጃው እስኪጠፋ ድረስ አጠገቡ ነህ። ስልክ ቢጠራ ይጥራ።

እሳት ቢነሳስ? ውሃ እንዳትደፋበት። ይህን ቤት ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ አስቀድመህ ንገር፣ ምክንያቱም የደነገጠ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ውሃ ነው። ውሃ ከሰም ይከብዳል። ሥር ይገባና በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከ1,600 ጊዜ በላይ ይሰፋል። ያን ጊዜ የሚነደውን ሰም አፍንድቶ ጣራ ያደርሰዋል። ማድረግ ያለብህ፣ ማጥፊያው ጋ መድረስ ከቻልክ ኃይሉን ማጥፋት፣ ክዳኑን ከጎን አንሸራትቶ መክደን፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ አለመክፈት ነው። ድስቱን ይዘህ ወደ ውጭ አትሩጥ። ክዳኑ ከመጀመሪያው እጅህ አጠገብ ይሁን፣ ልኩም ይሁን። ካልጠፋልህ ሰው ሁሉ ይውጣና እሳት አደጋ ይጠራ።

ቆዳ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የጋለ ሰም እጅህ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርገው፣ 20 ደቂቃ ያህል አቆየው። የተጣበቀውን ሰም አትላጠው፤ ቆዳህን ይዞ ይወጣል። ካበጠ፣ ውሃ ከቋጠረ ወይም ፊት ላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። እኔ ረጅም እጅጌ ያለው የጥጥ ልብስ፣ ሽፍን ጫማና መነጽር ሳላደርግ አልጀምርም። ልጆችና ድመት ክፍሉ ውስጥ አይኖሩም።

ወደ ሰንሰለቱ ልምጣ። ሰም የሚይዘው ንጹሕ ብረትን ብቻ ነው። አዲስ ሰንሰለት እንኳ የፋብሪካ ግሪስ አለበት፤ እሱ ካልወጣ ድካምህ ከንቱ ነው። እኔ በነጭ ጋዝ፣ ላምባ በምንለው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አጥባለሁ፤ የመጨረሻው እጣቢ ጥርት እስኪል። ነጭ ጋዝ ራሱ ቅባት ስለሚተው በመጨረሻ በአልኮል አለቀልቃለሁ። ከዚያ በደንብ ይደርቃል። ይህ ሁሉ ከቤት ውጭ፣ ጓንት አድርገህ፣ ነበልባልም ሲጋራም በሌለበት ነው። አልኮል በተለይ በተራ ክፍል ሙቀት ትነቱ ይቀጣጠላል። ለዚህ የያዝኩት ሕግ አለ፦ ማጠብና መንከር በአንድ ቀን አይሠሩም። ዛሬ አጥባለሁ፣ ነገ እነክራለሁ። እንዲህ ከሆነ ፈሳሹና ምድጃው ፊት ለፊት የሚተያዩበት ዕድል የለም። እጣቢውን ፍሳሽ ውስጥ አትድፋ። በተከደነ ዕቃ ሲቀመጥ ቆሻሻው ይዘቅጣል፣ ከላይ የጠለለው ለሚቀጥለው ጊዜ ያገለግላል።

ለአንድ ሰንሰለት ግማሽ ኪሎ ፓራፊን ይበቃል። ሽታና ቀለም የሌለው ይሁን። ሰንሰለቱን በሽቦ አንጠልጥለህ ቀስ ብለህ ታስገባዋለህ። ትናንሽ አረፋዎች ይወጣሉ፤ ያ ከሮለሮቹ፣ ሰንሰለቱ ላይ ከሚሽከረከሩት ትናንሽ ቀለበቶች፣ ውስጥ የሚወጣው አየር ነው። አየሩ በወጣበት ሰም ይገባል። 10 ደቂቃ ያህል ቆይ፣ አልፎ አልፎ በሽቦው አወዛውዘው፣ አረፋው ሲቆም ምድጃውን አጥፋ። አሁን ብዙ ሰው ይቸኩልና ወዲያው ያወጣል። በጣም የጋለ ሰም ቀጭን ስለሆነ ከሰንሰለቱ ላይ ይንጠባጠብና ያልቃል። 70 ዲግሪ አካባቢ እስኪወርድ ጠብቀህ ስታወጣው ውስጡ ብዙ ሰም ይዞ ይቀራል። ካርቶን ዘርግተህ ከላዩ ስቀለው።

ሲቀዘቅዝ እንደ ዱላ ይገተራል። አትደንግጥ። ክብ ብረት ላይ እያጎበጥክ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ፍታው። መጀመሪያ ስትነዳ ማርሽ ትንሽ ሊያስቸግርህና ፍርፋሪ ሊረግፍ ይችላል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትሄድ ይስተካከላል። ብስክሌትህ የዲስክ ፍሬን ካለው ፍርፋሪው ወደ ዲስኩ እንዳይጠጋ ጥረገው። ሰም የነካ ፍሬን አይይዝም።

ድስቱ ውስጥ የቀረው ሰም እዚያው ይረጋል፣ ተከድኖ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ግን በዝግታ አሙቀው። ሰም ሲቀልጥ ይሰፋል። በኃይል ካሞቅከው ከሥር የቀለጠው፣ ከላይ ያልቀለጠውን ክዳን ሰብሮ ይፈነጠራል። እርጥብ ሰንሰለት ያስገባህ ከሆነ ሥር የተደበቀ ውሃም ሊኖር ይችላል፤ እሱ ይባስ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሱ ሐሳብህ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት አለው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ ሌላ ክፍል ያለ እሳት ጋ ይደርሳል። የመብራት ማብሪያ ብልጭታም ይበቃዋል። በዚያ ላይ ቤንዞል የተባለው ካንሰር የሚያመጣ ኬሚካል በውስጡ አለ። ቲነር የሚባለውም ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ከቤንዚን ብዙም አይሻልም። ማሟሟያ፣ ምንም ዓይነት ይሁን፣ በእሳት አይሙቅ። ሰሙን በስሱ ፈቅፍቆ ሳያሞቁ በማሟሟያ የሚያሟሙት አሉ፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። ጭቃ የመሰለ ነገር ነው የወጣልኝ። ጠርሙሱ አፍ ላይ ይደርቃል፣ ሮለሩ ውስጥ ገብቶ እንደ ንክር አይሞላም። ጠርሙስ የግድ ካስፈለገህ የተዘጋጀውን በውሃ የተሠራ የሰም ቅባት ግዛ። እኔ ግን ሁለት ሰንሰለት ይዤ እቀያየራለሁ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ተነክሮ ተሰቅሏል።

የቴፍሎን ዱቄት ስለመጨመርም ጠይቀሃል። እኔ አልጨምርም። ከመጠን በላይ ከጋለ መርዛማ ጭስ ያወጣል፣ ንጹሕ ፓራፊን ብቻውን ደግሞ ሥራውን ይሠራል። የንብ ሰምም ይጣበቃል፤ ለአቧራ በር መክፈት ነው።

በደረቅ መንገድ ከሆነ በየ300 ኪሎ ሜትሩ ገደማ እነክራለሁ። ሰንሰለቱ መንጫጫት ከጀመረ ግን ቁጥሩን አልጠብቅም። ዝናብ ከመታው የዚያኑ ቀን በጨርቅ አድርቀው፤ ሰም ከዝገት እንደ ዘይት አይከላከልም። ፓራፊኑን አግኝተሃል፣ አሁን የሚቀርህ ቴርሞሜትርና ልክ የሆነ ክዳን ነው። የመጀመሪያውን ስትነክር ምን እንደገጠመህ ጻፍልን።