ገንዘቡ ወደ ማን እየሄደ ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። መጽሐፍሽን በራስሽ አሳትመሽ ሁለት ወር ሳይሞላው «ለፊልም ተመርጧል፣ መጀመሪያ ግን የፊልም ጽሑፉን ማዘጋጃ ክፈይ» የሚል ኢሜይል መጣልሽ። እውነት ይሆን ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም። እባክሽ ምንም እንዳትከፍይ።

እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው እኔም ስለተበላሁ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፌ በወጣ በአራተኛው ወር «የመጽሐፍ ገበያ ባለሙያ ነኝ» የሚል ሰው ጻፈልኝ። ዋናዋን ገጸ ባሕርይ በስሟ እየጠራ ያደንቃል። «በእሷና በእናቷ መካከል ያለው ዝምታ ልቤን ነካው» ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ መጽሐፌ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። አለቀስኩ። ከዚያ የሦስት ወር ደመወዜን ላክሁ።

ያገኘሁት ማንም የማይገባበት አንድ ድረ ገጽና ጥቂት የፌስቡክ ልጥፎች ነው። ወዲያው ደግሞ «ለሚቀጥለው ምዕራፍ» ሌላ ክፍያ ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ኢሜይሉን ከመጽሐፉ የጀርባ ሽፋን ጋር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት። ያደነቀው ሁሉ ጀርባው ላይ የተጻፈው ነው። አንድ ቃል አልጨመረም። እናትየዋ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ እንደምትሞት እንኳ አያውቅም።

ዛሬ ደግሞ ሙገሳውን ኤአይ ይጽፍላቸዋል። ድሮ በተሰባበረ ቋንቋቸው እንለያቸው ነበር፤ አሁን ያ ቀርቷል። ስለዚህ ኢሜይሉ ስላማረ አትመኚው።

እኔ አሁን ቀድሜ የማየው አንድ ነገር ነው፦ ገንዘቡ ወደ ማን እየሄደ ነው? እውነተኛ ፊልም ሠሪ መብቱን ካንቺ ይገዛል፣ ከፋዩ እሱ ነው። እውነተኛ የደራሲ ወኪል ሥራሽ ሲሸጥ ኮሚሽኑን ይቆርጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ። «ለማንበቢያ» ብሎ አያስከፍልም። ደራሲ መጽሐፉን ራሱ በሚያሳትምበት በአማዞን ኬዲፒ (KDP) ላይ መጽሐፍ መጫን ነጻ ነው። ለወረቀቱ መጽሐፍ አይኤስቢኤን (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) በነጻ ይሰጡሻል፤ ለኪንድሉ፣ ማለትም ለኤሌክትሮኒክ ቅጂው፣ ጭራሽ አያስፈልግም። ይህንኑ ነው ብዙዎቹ አጭበርባሪዎች «ፓኬጅ» ብለው የሚሸጡልን።

ለአርታኢና ለሽፋን ሠሪ መክፈል ግን ያለ ነገር ነው፣ እሱን ከዚህ ጋር አትቀላቅዪው። እነሱን ፈልገሽ የምታገኚያቸው አንቺ ነሽ። ሥራቸውን ታያለሽ፣ ቀደም ብለው ያሠሩ ደራስያንን ትጠይቂያለሽ።

ሌላው «በሺህ የሚቆጠር አንባቢ እናመጣልሻለን» የሚሉት ናቸው። ኪንድል አንሊሚትድ አንባቢ በየወሩ ከፍሎ የሚያነብበት፣ ደራሲው ደግሞ በተነበበው ገጽ ልክ የሚከፈለው የአማዞን አገልግሎት ነው፤ አንዳንዶቹ እዚያ ገጽ የሚያገላብጡት በሮቦት (በኮምፒውተር ፕሮግራም) ነው። አማዞን ሲደርስበት የሚዘጋው የእነሱን ሳይሆን ያንቺን አካውንት ነው። የተገዛ አስተያየትም እንደዚያው መዘዝ አለው። የአካውንትሽን የይለፍ ቃል ደግሞ ለማንም፣ በምንም ምክንያት አትስጪ።

ያንቺን ኢሜይል ሳነብ የአሜሪካው ክስ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ሳን ዲዬጎ ላይ ይፋ ያደረገው ነው። ክሱ እንደሚለው አሳታሚ ነን ባዮች ደራስያንን «መጽሐፋችሁ በትልልቅ አሳታሚዎችና በሆሊውድ ተፈልጓል» እያሉ ቅድሚያ ያስከፍሉ ነበር። ከ800 በላይ ሰዎች፣ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ። ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጻፉትን ሰው እንዲያነብላቸው ነበር የፈለጉት። ይህን ሳስብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

የጻፈልሽን ድርጅት ስም ራይተር ቢዌር (Writer Beware) የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ፈልጊው። ከ1998 ጀምሮ ደራስያን ራሳቸው እንዲህ ያሉ አጭበርባሪዎችን የሚያጋልጡበት ነው፣ በነጻ ታነቢዋለሽ።

ምናልባት ከፍለሽ ከሆነና በካርድ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ባንክሽ ደውለሽ ክፍያውን እንደምትቃወሚ ንገሪያቸው። በስጦታ ካርድ ወይም በክሪፕቶ የሄደ ግን አይመለስም ብትዪ ይሻላል። ከዚያ በኋላ «ገንዘብሽን አስመልስልሻለሁ» የሚል ጠበቃ ነኝ ባይ ይመጣል። ለእኔ ከስድስት ወር በኋላ ደወለ። የከፈልኩትን እስከ ሳንቲሙ ያውቃል። ያንን ቁጥር የምናውቀው እኔና የበሉኝ ሰዎች ብቻ ነበርን።

አሁን ላንቺ የጻፈልሽን ሰው እርግፍ አድርገሽ መተው ከከበደሽ፣ አንዲት መስመር ብቻ መልሺለት፦ «እኔ አልከፍልም። መብቱን በስንት ትገዛላችሁ?» ከዚያ የሚልሽን እዚህ ጻፊልን።