በ300 ዲግሪ ላይ ከሺህ በላይ ስለወጣው የመስታወት ፐርሚቲቪቲ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከመስኮት መስታወት የተቆረጠ ክብ ናሙና 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ በ100 ኸርዝ ሲለኩ አንጻራዊ ፐርሚቲቪቲው (ከባዶ ቦታ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪካዊ ኃይል የማከማቸት አቅሙ) ከሺህ በላይ እንደወጣ ገልጸው፣ ኤል ሲ አር ሜትሩ (የመለኪያ መሣሪያው) ተበላሽቶ እንደሆነ ጠይቀዋል። የተበላሸ አይመስለኝም፤ የለኩት ግን የመስታወቱን ጠባይ ሳይሆን ኤሌክትሮዱ (ናሙናውን የሚነካው ብረት) ሥር የተከማቸውን የሶዲየም አዮን ነው።

በመስኮት መስታወት ውስጥ ያለው ሶዲየም ሲሞቅ ከቦታው በቀላሉ ይንቀሳቀሳል። ቮልቴጁ አቅጣጫውን ቀስ ብሎ ሲቀያይር አዮኖቹ ኤሌክትሮዱ ጋ ለመድረስ ጊዜ ያገኛሉ፤ ብረቱ ስለማያሳልፋቸውም እዚያው ተከማችተው እጅግ ስስ ንብርብር ይሠራሉ፤ ካፓሲታንሱን (ቻርጅ የመያዝ አቅሙን) ያለ ልክ የሚያገዝፈው ይህ ንብርብር ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ሳይነኩ እስከ 1 ሜጋኸርዝ ድረስ ይለኩ። ፍሪኩዌንሲው በጨመረ ቁጥር ውጤቱ በቤት ሙቀት ወደሚታወቀው 7 ገደማ እየቀረበ ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ለኤሌክትሮድነት የተቀባ ብር ተጠቅመው ከሆነ ቢቀይሩት እመክራለሁ። እኔ አዳማ በምሠራበት ቤተ ሙከራ አንድ ናሙና 400 ዲግሪ ላይ ለረጅም ሰዓት አቆይቼ ብሩን ስጠርገው፣ ልክ በኤሌክትሮዱ ስፋት ቢጫ ቡናማ ክብ ታትሞ አገኘሁ፤ ብሩ በሶዲየሙ ቦታ ገብቶ ስለነበር በምንም አልለቀቀም፤ የለካሁትም የጀመርኩበትን መስታወት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በቫክዩም የተለበጠ ወርቅ ብቻ እጠቀማለሁ።

100 ኸርዝንም ቢተዉት ይሻላል፤ የ50 ኸርዙ የመብራት መስመር እጥፍ ነውና። ይህን የተረዳሁት መብራት በሄደበት ቀን ነው፤ ሜትሩ በዩፒኤስ መሥራቱን ሲቀጥል እቶኑ ጠፋ፣ ሲዋዥቅ የቆየው ንባብም ወዲያው ረጋ። አሁን በ120 ኸርዝ እለካለሁ፣ የናሙናውን መያዣ የሚከልለውን ብረትም ከመሬት ጋር አገናኛለሁ።

ዲያሜትሩ 30፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ናሙና ካፓሲታንሱ 22 ፒኮፋራድ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ሜትር ኮአክሲያል ኬብል ግን ወደ 100 ፒኮፋራድ ይጠጋል። በመሆኑም የኬብሉን ድርሻ ከንባቡ የሚያስወግደውን የክፍትና የሾርት ማስተካከያ እቶኑ በሚለኩበት ሙቀት ላይ እንዳለ ይሥሩ። ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው) ከእቶኑ ግድግዳ ሳይሆን ከናሙናው አጠገብ ይሁን፤ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም ለክተው ሁለቱ መስመሮች ካልገጠሙ ወይ ሙቀቱ አልረጋም፣ ወይ ናሙናው ተለውጧል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በ1 ሜጋኸርዝም ከሺህ ካልወረደ፣ ያኔ ኬብሉንና ሜትሩን ይመርምሩ። የናሙናውን ልክ፣ የኤሌክትሮዱን ዓይነትና የታንጀንት ዴልታውን (በናሙናው ውስጥ የሚባክነውን ኃይል የሚያሳየውን) ንባብ ቢጽፉልኝ ስሌቱን አብሬዎት አየዋለሁ።